ለባልትና ድርጅት ሎጎ ማሠራት፦ ከስሙ እስከ ምዝገባው

ሎጎውን የሚሠራው ዲዛይነር ቢሆንም፣ ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም በአብዛኛው ባለቤቱ በሚወስነው ነገር ነው። ዲዛይነሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያልተመለሰ ጥያቄ፣ ከረጢቱ ከታተመ በኋላ በገንዘብ ይመለሳል። ለዚህ ጽሑፍ የያዝነው ምሳሌ በርበሬ፣ ሽሮና ቅመማ ቅመም አዘጋጅቶ የሚሸጥ አነስተኛ የባልትና ድርጅት ነው። ባልትናን የመረጥነው ሎጎ የሚገጥመውን ፈተና አንድ ላይ ስለሚይዝ ነው፦ ፕላስቲክ ላይ ይታተማል፣ ታፔላ ላይ ይወጣል፣ ማኅተም ውስጥ ይገባል፣ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል፣ ሲቀናም አሜሪካ ወይም እስራኤል ባለ የሐበሻ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ይቆማል። ዳቦ ቤት፣ ካፌ ወይም ልብስ ስፌት ያለውም ሰው ዕቃውን ብቻ እየቀየረ ይጠቀምበት።

መጀመሪያ የሚያርፍበትን ቦታ ይጻፉ

አንድ ወረቀት ያውጡና ሎጎው በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት የሚያርፍበትን ቦታ ሁሉ ከነመጠኑ ይዘርዝሩ። ለባልትና ዝርዝሩ ይህን ይመስላል፦

– የ500 ግራምና የ1 ኪሎ ከረጢት፤ ሎጎው ከ6 እስከ 9 ሳንቲ ሜትር ስፋት
– የቅመም ብልቃጥ ስቲከር፤ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር
– ክብ ማኅተም
– የሱቅ ታፔላ
– የቴሌግራም፣ የፌስቡክና የቲክቶክ ፕሮፋይል
– ቢዝነስ ካርድና የደብዳቤ ራስጌ
– የሠራተኛ ሽርጥ ላይ የሚጠለፍ

ከነዚህ ውስጥ በጣም አስቸጋሪው ማኅተሙ ነው። የድርጅት ማኅተም ብዙውን ጊዜ 4 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ዲያሜትር ያለው ክብ ሲሆን፣ ስምና አድራሻ ዙሪያውን ከያዘ በኋላ ለሎጎ የሚተርፈው መካከሉ ላይ 1.5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ቀለሙም አንድ ብቻ ነው። ከ0.3 ሚሊ ሜትር የቀጠነ መስመር ወይ አይወጣም፣ ወይ ቀለም ይሞላበታል። ስለዚህ ለዲዛይነሩ የሚሰጡት የመጀመሪያ መመሪያ «ማኅተም ላይ በአንድ ቀለም መውጣት አለበት» የሚል ይሁን። ማኅተም ላይ የወጣ ሎጎ ታፔላ ላይ አይቸግረውም። በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ብቻ ያማረ ግን ማኅተሙ ጋ ሲደርስ የቀለም ጠብታ ሆኖ ይቀራል።

ስሙ ሳይጣራ ዲዛይን አይጀመርም

የንግድ ስምና የንግድ ምልክት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የንግድ ስም በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ንግድ ቢሮ የሚመዘገበው የድርጅቱ መጠሪያ ነው። የንግድ ምልክት ደግሞ ዕቃው ላይ የሚለጠፈው፣ ከሌላው ነጋዴ ዕቃ የሚለየው ቃል ወይም ምስል ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይመዘገባል። ንግድ ቢሮ ስሙን ፈቀደልዎ ማለት በርበሬው ከረጢት ላይ ያንን ስም መጻፍ የእርስዎ ብቻ መብት ሆነ ማለት አይደለም። ሌላ ሰው ቀደም ብሎ በንግድ ምልክትነት አስመዝግቦት ሊሆን ይችላል። ለዲዛይነር ከመክፈልዎ በፊት ባለሥልጣኑ ዘንድ ፍለጋ ያስደርጉ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም አጻጻፉ ይፈለግ፤ በድምፅ የሚመሳሰልም እንቅፋት ይሆናልና።

የዕቃውን ዓይነት ወይም ጥራት ብቻ የሚናገር ስምም አይመከርም። «ምርጥ በርበሬ» ወይም «ንጹሕ ሽሮ» የሚለውን ሁሉም ባለሙያ የመናገር መብት ስላለው አንድ ሰው ብቻውን ሊይዘው አይችልም። ከአካባቢ ስም ጋር በተያያዘም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባልትናው ቡናም ቆልቶ የሚሸጥ ከሆነ፣ ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች የኢትዮጵያ መንግሥት ራሱ በውጭ አገራት በንግድ ምልክትነት የያዛቸው መሆኑን ይወቁ። ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር በ2007 እ.ኤ.አ. የተደረገው ስምምነትም በእነዚሁ ስሞች ላይ ነበር። ቡናው የት እንደበቀለ ከረጢቱ ላይ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ የአካባቢውን ስም የሎጎው እምብርት ማድረግ ሌላ ነው።

ስሙ ከተጣራ በኋላ ፊደሉን ይቁረጡ። «ፀሐይ» ነው «ጸሐይ»? «ኃይሉ» ነው «ሀይሉ»? በንግድ ፈቃዱ ላይ አንድ፣ በሎጎው ላይ ሌላ ከሆነ ባንክ ሒሳብ ሲከፈት፣ ምልክቱ ሲመዘገብ፣ ዕቃው ከአገር ሲወጣ ጥያቄ ይነሳል። የላቲኑንም አጻጻፍ አሁኑኑ ይወስኑ፤ ፓስፖርት ላይ እንደሚደረገው አንዴ ከተጻፈ በኋላ ማስተካከሉ ከባድ ነው።

ለዲዛይነሩ የሚሰጥ አንድ ገጽ

ብሪፍ የሚሉት ይህ ነው። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የስሙ ትክክለኛ አጻጻፍ በአማርኛና በላቲን፣ የሚሸጡት ዕቃ ዝርዝር፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሊጨምሩ ያሰቡት፣ ገዢው ማን እንደሆነ፣ ከላይ የጻፉት የቦታ ዝርዝር፣ ከጎንዎ ተደርድረው የሚሸጡ የአምስት ወይም የስድስት ተፎካካሪዎች ከረጢት ፎቶ። የመጨረሻው በጣም ይጠቅማል። ሱፐርማርኬት ገብተው የባልትናውን መደርደሪያ ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ ፎቶ ያንሱት። ዲዛይነሩ ምን እንደበዛና ምን እንደጎደለ ከአንድ ገጽ ጽሑፍ ይልቅ ከዚያ ፎቶ ይረዳል።

በዚያ ፎቶ ላይ ዛላ በርበሬ፣ መሶብና ሙቀጫ ደጋግመው እንደሚታዩ መገመት አያዳግትም። እነዚህን መጠቀም ክልክል ባይሆንም የእርስዎን ከሌላው አይለዩም። ዛላ በርበሬ ያለበት ሎጎ ሌላም ችግር አለው፤ ነገ ሽሮው ከበርበሬው በላይ ቢሸጥ፣ ወይም በሶና ቆሎ ቢጨመር ምስሉ ከዕቃው ጋር ይጋጫል። የአክሱም ሐውልት፣ የላሊበላ መስቀልና አንበሳም ቢሆኑ በጣም ብዙ ድርጅት የያዛቸው ናቸው። እኛ ለአነስተኛ ድርጅት የምንመክረው ስሙን ራሱን በደንብ አድርጎ ማጻፍና፣ ምልክት ካስፈለገ ከስሙ የመጀመሪያ ፊደል ማውጣት ነው። የግዕዝ ፊደል ቅርጹ የበለጸገ ስለሆነ አንዱ ፊደል ብቻውን ምልክት መሆን ይችላል።

ከነጭራሹ የማይነኩም አሉ። የየትኛውም አገር ሰንደቅ ዓላማና አርማ በንግድ ምልክትነት አይመዘገብም። ቀይ መስቀልም በጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቀ ነው፤ ክሊኒክና መድኃኒት ቤት የሚከፍቱ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ።

ዲዛይነር መምረጥ

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው የሎጎ ሥራ ብዙ ጊዜ በሞክአፕ (ሎጎውን ዕቃ ላይ የወጣ አስመስሎ በሚያሳይ ምስል) የተዋበ ነው፤ ወርቅ ተለብጦ፣ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። በዚያ አይፍረዱ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ተሠርቶ አሁን በገበያ ላይ ያለ ሥራ፣ ያው ሥራ በጥቁርና ነጭ፣ እና በአማርኛ ፊደል የተሠራ ቢያንስ አንድ ሎጎ። ሦስተኛውን ማሳየት የማይችል ሰው በላቲን ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለባልትና ግን አይሆንም።

በአንድ ሰዓት አድርሼ እሰጣለሁ የሚል ዋጋው የረከሰበት ምክንያት አለው። ከካንቫ ወይም ከሌላ የተዘጋጀ ቴምፕሌት ስም ቀይሮ ይሰጣል። ያው ምስል በሌላ መቶ ድርጅት ላይ ሊኖር ይችላል፤ የካንቫ ደንብም ከዝግጁ ምስሎቹ የተሠራን ሎጎ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አይፈቅድም። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚወጣ ምስልም የራሱ ጣጣ አለው፦ ብዙ ጊዜ የግዕዝ ፊደል የሚመስል ግን የማይነበብ ቅርጽ ያወጣል፣ ፋይሉም አብዛኛውን ጊዜ ሲጎላ የሚደበዝዝ ፎቶ ነው። ሐሳብ ለማንሸራሸር ይጠቅማል፤ ለኅትመት አይበቃም።

ውሉ

የሥራው መጠን ትንሽ ቢሆንም ሁለት ገጽ ውል ይጻፉ። መያዝ ያለበት ይህ ነው፦

– ስንት የመጀመሪያ ረቂቅ እንደሚቀርብ። ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። አሥር የሚያቀርብ ሰው አንዱንም አላሰበበትም።
– ስንት ዙር ማሻሻያ በዋጋው ውስጥ እንዳለ። ሁለት ወይም ሦስት ዙር የተለመደ ነው፤ ከዚያ በላይ ስንት እንደሚከፈል ይጻፍ።
– ጊዜው። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ተገቢ ነው።
– ክፍያው። ግማሹ በቅድሚያ፣ ግማሹ ፋይሉ ሲረከብ። ሙሉውን አስቀድሞ መክፈልም፣ ምንም ሳይከፍሉ ማሠራትም ሁለቱን ወገን ይጎዳል።
– የሚረከቡት ፋይሎች በስም ተዘርዝረው።
– ሥራው ከቴምፕሌት ያልተወሰደ መሆኑን ዲዛይነሩ የሚያረጋግጥበት አንቀጽ።
– በሎጎው ላይ ያለው የቅጂ መብት ክፍያው ሲያልቅ ለድርጅቱ እንደሚተላለፍ።

የመጨረሻው በአፍ ስምምነት የሚተው አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን ለፈጠረው ሰው መብት ስለሚሰጥ፣ ገንዘብ መክፈል ብቻውን ክርክር አያስቀርም። ድርጅቱ ያልመረጣቸው ረቂቆች የዲዛይነሩ ሆነው እንዲቀሩ መስማማትም ፍትሐዊ ነው።

የግዕዝ ፊደል ሲያንስ

የአማርኛ ሎጎ ከላቲኑ የሚከብድበት ዋናው ቦታ ይህ ነው። ፊደሎቻችን ድምፅ የሚለዩት በትንንሽ ጭረትና ክብ ነው። «ቢ» እና «ቤ» የሚለዩት ቀኝ እግራቸው ሥር ባለው ነገር ብቻ ነው፤ አንዱ ጭረት፣ ሌላው ክብ። ሎጎው ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ፣ በተለይ ፊደሉ ወፍራም ከሆነ፣ የ«ቤ» ክብ በቀለም ይሞላና «ባልትና ቤት» የሚለው «ባልትና ቢት» ሆኖ ያርፋል። «ሸ»፣ «ቸ»፣ «ኘ»፣ «ዠ» ደግሞ ከ«ሰ»፣ «ተ»፣ «ነ»፣ «ዘ» የሚለዩት ራሳቸው ላይ ባለው ነገር ነው፤ ከላይ ጌጥ ወይም መስመር ከተነካካቸው ልዩነቱ ይጠፋል።

መፍትሔው ቀላል ቢሆንም ሥራ ይጠይቃል። ዲዛይነሩ ክቦቹን ከፎንቱ ልክ በላይ ያስፋቸው፤ ውስጣቸው የሚቀረው ባዶ ቦታ ሎጎው በሚወጣበት ትንሹ መጠን ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሁን። ጭረቶቹ ከእግሩ ውፍረት በጣም እንዳይቀጥኑ ይደረግ። ፊደሉን ለማወፈር ዙሪያውን ስትሮክ (የጠርዝ መስመር) መጨመር የተለመደ አቋራጭ ነው፤ ክቦቹን ከውስጥ የሚደፍናቸውም እሱ ነው። ወፍራም ፊደል ከተፈለገ ከመጀመሪያው ወፍራም ሆኖ የተሠራ ፎንት ይወሰድ፣ ወይም በእጅ ይሳል።

ፎንትን በተመለከተ፣ ኒያላ ከዊንዶውስ ጋር ለዓመታት አብሮ ሲመጣ የቆየ በመሆኑ ከደብዳቤ እስከ ማስታወቂያ ያልገባበት የለም። ጥሩ ፎንት ነው፤ ነገር ግን ሎጎን ከሌላ አይለይም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነጻ ፈቃድ የተለቀቁ ስለሆኑ ለንግድ ሥራ መነሻ ማድረግ ይቻላል። መነሻ እንላለን፤ ምክንያቱም ፎንት ላይ ተጽፎ ሳይነካ የቀረ ስም ሎጎ ሳይሆን ጽሑፍ ነው። በፊደሎቹ መካከል ያለው ክፍተትም በዓይን ይስተካከል። ፎንቶች የተሠሩት ለተከታታይ ጽሑፍ ስለሆነ ታፔላ ላይ ሲተልቁ ፊደሎቹ የተበታተኑ ይመስላሉ።

አማርኛና ላቲን አንድ ላይ ሲቀመጡ ደግሞ ትልቅና ትንሽ ፊደል የተቀላቀለበት ላቲን ከግዕዙ ጎን ወጣ ገባ ይላል፤ የእኛ ፊደል ቁመቱ ከሞላ ጎደል እኩል ስለሆነ በትልቅ ፊደል ብቻ የተጻፈ ላቲን የተሻለ ይስማማዋል። መጠኑን በቁጥር አያመሳስሉ፤ ሁለቱም 24 ነጥብ ተብለው አንዱ ከሌላው ጎልቶ ሊታይ ይችላል። ድርጅቱ ባለበት ክልል ታፔላ ላይ የክልሉ የሥራ ቋንቋ የሚጠየቅ ከሆነም፣ ለሦስተኛ መስመር የሚሆን ቦታ ከአሁኑ ይታሰብበት።

ቀለም፣ በርበሬ በሞላበት ከረጢት ላይ

ከሁሉ አስቀድሞ በጥቁር ብቻ የተሠራ ረቂቅ ይቀበሉ። ቀለም የሚገባው ቅርጹ ከጸደቀ በኋላ ነው፤ ካልሆነ ያማረው ቀለም ደካማውን ቅርጽ ይሸፍነዋል።

ባልትና ብዙ ጊዜ በሚያሳይ ፕላስቲክ ይታሸጋል፤ ገዢው የበርበሬውን መልክ ማየት ይፈልጋልና። እዚህ ላይ ቀይ ሎጎ አደጋ ነው። ባዶው ከረጢት ላይ ደምቆ የታየው ቀይ፣ በርበሬ ሲሞላበት ይጠፋል። ቢጫው ደግሞ በሽሮው ይዋጣል። የፕላስቲክ ቀለም ብርሃን ስለሚያሳልፍ፣ ከኋላው ያለው ዕቃ ቀለሙን ይቀይረዋል። ስለዚህ ማተሚያ ቤቱ ከሎጎው ሥር ነጭ መደብ እንዲያትም ያዙ። ነጩ ራሱን የቻለ ቀለም ሆኖ ስለሚቆጠር ዋጋው ላይ ይገባል፤ በሁለት ቀለም የታሰበው ሎጎ ሦስት ቀለም ይሆናል። ጥቁር አረንጓዴ ወይም ጥቁር ቡናማ በነጭ መደብ ላይ፣ ለበርበሬም ለሽሮም ለእርድም ይሆናል።

የቀለሙ ቁጥር ወጪውን ይወስናል። ከረጢት ላይ ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ ክሊሼ ወይም ሲሊንደር (ቀለሙን ፕላስቲኩ ላይ የሚያሳርፍ የማተሚያ ቅርጽ) ይሠራለታል፤ ሲልክ ስክሪን (ቀለም በጨርቅ ወንፊት የሚታተምበት ዘዴ) ላይም ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፍሬም አለው። ከነጩ መደብ ሌላ ከሁለት ቀለም አይለፉ። ከደማቅ ወደ ፈዛዛ እየሄደ የሚቀየር ቀለምም ይቅር፤ በፍሌክሶ (ከረጢት በክሊሼ በሚታተምበት ዘዴ) ሲታተም እንደታሰበው ለስልሶ አይወጣም። ሁለት ቀለማት የሚነካኩበት ቦታ ካለ፣ ፕላስቲኩ በማሽኑ ላይ ሲጎተት ትንሽ ስለሚንሸራተት በመካከላቸው ነጭ ክፍተት ይወጣል። ዲዛይነሩ አንዱን ቀለም በሌላው ሥር በትንሹ ያስገባ፣ ወይም ከመጀመሪያው ሆን ብሎ ያራርቃቸው።

ቀለሙን «አረንጓዴ» ብለው አይተዉት። በሲኤምዋይኬ (በአራቱ የኅትመት ቀለማት መጠን) ለወረቀትና ለከረጢት፣ በአርጂቢ (በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን መጠን) ለስክሪን፣ ከተቻለም ፓንቶን በሚባለው የቀለም መለያ ቁጥሩ ይጻፍ። ለምሳሌ ጠንካራ ቀይ ሲያን 0፣ ማጀንታ 100፣ የሎ 100፣ ብላክ 10 ሊሆን ይችላል። ስልክ ላይ የሚያበራው አረንጓዴና ብርቱካናማ ወረቀት ላይ ሁልጊዜ ይደበዝዛል። ይህ የማተሚያ ቤቱ ጥፋት አይደለም፤ የማተሚያ ቀለም የስክሪንን ብርሃን ያህል መድመቅ ስለማይችል የሚሆን ነው። የተፎካካሪንም ቀለም ይዩ። ወይን ጠጅ ያየ ሰው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን እንደሚያስብ ሁሉ፣ በባልትናውም መደርደሪያ ላይ አንድ ቀለም በአንድ የታወቀ ድርጅት ተይዞ ሊሆን ይችላል።

ረቂቁን መፈተሽ

ረቂቅ ሲመጣ በስልክ አይፍረዱ። በተራ የቢሮ ፕሪንተር በጥቁር ያትሙት፤ በአንድ ወረቀት ላይ በ1፣ በ1.5፣ በ2፣ በ4 እና በ8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይደርደር። ከዚያ ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ ያድርጉት፣ ኮፒውን ደግሞ እንደገና ኮፒ ያድርጉት። በሁለተኛው ኮፒ ላይ 1.5 ሳንቲ ሜትሩ ካልተነበበ ማኅተም ላይም አይነበብም።

ስሙን ለማያውቁ አምስት ሰዎች ለሦስት ሰኮንድ ያሳዩና «ምን ይላል?» ብለው ይጠይቁ። «ወደዳችሁት ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ ዘመድና ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ምርጫ ይዞ ይመጣና ሎጎው የሁሉም ሆኖ የማንም ሳይሆን ይቀራል። ከአምስቱ ሁለቱ ከተሳሳቱ ፊደሉ ይስተካከል። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችም ከአምስቱ ውስጥ ይኑሩበት፤ የባልትና ደንበኞች ናቸውና።

ፕሮፋይል ላይ ክብ ሆኖ ስለሚቆረጥ ረጅም ስም ጎንና ጎኑ ይሄዳል። ለዚያ የሚሆን ምልክቱ ወይም የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ያለበት አነስተኛ ቅጂ ያስፈልጋል። በታፔላ በኩል ደግሞ ከመንገድ ማዶ፣ 20 ሜትር ያህል ርቀት ላይ በምቾት እንዲነበብ የፊደሉ ቁመት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይያዝ። ለጥልፍ ከ6 ሚሊ ሜትር ያነሰ የአማርኛ ፊደል ክር ስለሚውጠው፣ ሽርጥ ላይ ስሙን ብቻ አተልቆ ማስጠለፍ ይሻላል።

ማሻሻያ ሲጠይቁ ችግሩን ይናገሩ፤ መፍትሔውን ለባለሙያው ይተዉ። «ከሩቅ ሁለተኛው ፊደል አይለይም» የሚለው አስተያየት ይሠራበታል። «ትንሽ ሕይወት ይኑረው» የሚለው ግን ዲዛይነሩን ለግምት ይዳርገዋል፣ አንድ ዙር ማሻሻያም ይበላል።

ፋይሎቹን መረከብ

ሁለተኛውን ግማሽ ከመክፈልዎ በፊት እነዚህ በእጅዎ ይግቡ፦ የኢሉስትሬተር ወይም የኮረል ድሮው ዋናው ፋይል፣ ፒዲኤፍ፣ ኤስቪጂ፣ ኢፒኤስ፣ መደቡ ያልተቀባ ፒኤንጂ እና ጄፔግ። ሁሉም በባለቀለም፣ በጥቁርና ለጥቁር መደብ በሚሆን ነጭ። ከነዚህም ጋር ቀለሞቹና የፎንቱ ስም የተጻፈበት አንድ ገጽ።

ፒኤንጂ ብቻ ይዘው የሚቀሩ ድርጅቶች ታፔላ ለማሠራት ሲሄዱ ነው ችግሩን የሚያውቁት። ፎቶ የሆነ ፋይል ሲጎላ ጠርዙ ይሸራረፋል፤ ታፔላ ሠሪው ከላዩ ላይ እንደገና ይስለዋል፣ ቅርጹም ይለወጣል። ቬክተር የሆነ፣ ማለትም በመስመርና በቅርጽ የተሠራ ፋይል ግን የፈለገውን ያህል ቢተልቅ ጠርዙ አይነካም።

በቬክተሩ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ወደ ቅርጽ የተቀየረ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ኢሉስትሬተር ላይ ክሪየት አውትላይንስ፣ ኮረል ላይ ኮንቨርት ቱ ከርቭስ የሚባለው ነው። ይህ ካልተደረገና ማተሚያ ቤቱ ያ ፎንት ከሌለው ስሙ በሌላ ፎንት ተተክቶ ይወጣል። በቆዩት፣ ዩኒኮድ (ዓለም አቀፉን የፊደላት ኮድ የሚከተሉ) ባልሆኑ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነማ የላቲን ፊደላት ዝርክርክ ሆኖ ይታያል። በቴሌግራም ሲላላኩም «ፎቶ» ብለው ሳይሆን «ፋይል» ብለው ይላኩ፤ ፎቶ ሆኖ ሲላክ ይጨመቃል፣ ያልተቀባው መደብም ይጠፋል። ሙሉውን ፎልደር በኢሜይልዎ፣ በፍላሽና በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጡ።

ማሳተም

ከረጢቱን ወዲያው በብዛት አያሳትሙ። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ባዶ ከረጢት ገዝተው ስቲከር ይለጥፉበት። መጠኑም፣ የሚሸጠው ዕቃም በነዚያ ወራት ይለዋወጣል፤ ለስቲከር አዲስ ፋይል መላክ ይበቃል፣ ለከረጢት ግን ሲሊንደሩ ራሱ ይቀየራል። ስቲከሩን ከረጢቱ ሳይሞላ ይለጥፉት። የበርበሬ ብናኝ ፕላስቲኩ ላይ ካረፈ ሙጫው አይዝም፣ ጠርዙ በሳምንት ይላቀቃል።

ወደ ኅትመት ሲገባ በዚያው ፕላስቲክ ላይ የወጣ ናሙና ይጠይቁ፤ በወረቀት የወጣ ናሙና የፕላስቲኩን ቀለም አያሳይም። ናሙናውን በራስዎ በርበሬና ሽሮ ሞልተው፣ በቀን ብርሃንም በሱቅ መብራትም ይዩት። ከዚያ ፈርመውበት አንዱን ለማተሚያ ቤቱ ይስጡ፣ አንዱን ያስቀሩ፤ ቀለሙ ተለየ የሚል ክርክር ከመጣ የሚታየው የተፈረመበት ናሙና ነው። ክሊሼው ወይም ሲሊንደሩ የማን ንብረት እንደሆነም ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ለታፔላ ደግሞ ከመሠራቱ በፊት ወረዳው ስለ መጠንና ስለ ፈቃድ የሚጠይቀውን ያጣሩ።

ማስመዝገብ

በአዋጅ 501/1998 የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው የምዝገባ ምስክር ወረቀት ሲሰጥ ነው። ሎጎው እንደጸደቀ፣ ከረጢቱ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ያመልክቱ። ዕቃና አገልግሎት በዓለም አቀፍ ምደባ በ45 መደቦች ተከፍለዋል፤ ከ1 እስከ 34 ዕቃ፣ ከ35 እስከ 45 አገልግሎት ናቸው። ቅመማ ቅመም፣ ዱቄት፣ ቡናና ሻይ በ30ኛው መደብ ይገባሉ። የምግብ ቤትና የካፌ አገልግሎት 43ኛው ነው። በ30 ብቻ ያስመዘገበ ድርጅት በዚያው ስም ምግብ ቤት ለመክፈት ካሰበ 43ንም ያስብበት።

ምዝገባው የሚጸናው ለሰባት ዓመት ሲሆን በየሰባት ዓመቱ ይታደሳል። የሚሠራውም በኢትዮጵያ ውስጥ ነው። በርበሬው ወደ አሜሪካ የሚላክ ከሆነ በዚያ አገር ለብቻው መመዝገብ አለበት። እዚያ ያለው አስመጪ ስሙን በራሱ ስም እንዳያስመዘግብ በውላችሁ ላይ ይግባ።

የተመዘገበ ምልክት ለሦስት ተከታታይ ዓመት ሥራ ላይ ካልዋለ እንዲሰረዝ ሊጠየቅበት ይችላል። ስለዚህ የተመዘገበው መልክና ከረጢቱ ላይ ያለው መልክ አንድ ይሁኑ፤ ከእያንዳንዱ ኅትመትም ሁለት ሁለት ከረጢት የታተመበትን ቀን ጽፈውበት፣ ከማተሚያ ቤቱ ደረሰኝና ከምስክር ወረቀቱ ጋር በአንድ ፋይል ያስቀምጡ።